ቀኑን ስለሚረሳው ካሜራችን

በየዕለቱ በምንገለገልባቸው መሣሪያዎች ላይ የሚታየው ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱን በራሱ የሚያጋልጥ ነው፤ መሣሪያው ይቆማል፣ ይንጫጫል፣ ወይም ሥራው ተበላሽቶ ይታያል። ሁለተኛው ግን ሥራውን አሳምሮ እየሠራ በጎን የሚያሳስት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለተኛውን ሲሆን፣ ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም በክፍላችን ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ጉድለት በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ፣ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው አንዳንድ ሴንሰሮች፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጡት ክፍሎች፣ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት የውስጥ ሽቦአቸው ከተያያዘበት እየለቀቀ መሆኑ ታወቀ። እነዚህን ሴንሰሮች ካኖን፣ ኒኮን፣ ፉጂፊልምና ሌሎችም በካሜራዎቻቸው ውስጥ አስገብተዋቸው ስለ ነበር፣ ኩባንያዎቹ ማስታወቂያ እያወጡ ያለ ክፍያ ጠገኑ። ያ ጉድለት ከባድ ቢሆንም ማንንም አላታለለም። ምስሉ ጥቁር ሆኖ ወይም ተዛብቶ ይወጣ ነበርና ባለቤቱ ወዲያው ያውቅ ነበር።

የእኛ ካሜራ ጉድለት እንዲህ አይደለም። ፎቶግራፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የነጠላው ጥለት፣ የከበሮው ጠፍር ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን ባትሪው ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር ካሜራው ቀኑን ይረሳል። ረስቶም ዝም አይልም፤ «1/1/2000» ብሎ ይጽፋል።

ምክንያቱን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጥቂት እናብራራው። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ፣ እያወጣን ከምንሞላው ትልቅ ባትሪ ሌላ፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ትንሽ ባትሪ አለች። የእርስዋ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ትልቁ ባትሪ በሚወጣበት ጊዜ የውስጡ ሰዓት እንዳይቆም መጠበቅ ነው። በብዙዎቹ ካሜራዎች ይህች ባትሪ ከትልቁ ባትሪ እየተሞላች ትኖራለች፤ በደኅናው ዘመንዋም ሰዓቱን ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ታቆያለች። ዓመታት ሲያልፉ ግን፣ በተለይም ካሜራው ያለ ባትሪ በሣጥን ውስጥ ከከረመ፣ ኃይል የመያዝ ችሎታዋ ያልቃል። የእኛዋ አሁን የምትታገሠው አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ባትሪ ለዋጩ እጀ ፈጣን ከሆነ ቀኑ ይተርፋል፤ ክዳኑን ከፍቶ ወሬ ከጀመረ ግን ካሜራው ወደ 2000 ይመለሳል።

እርግጥ ነው፣ ካሜራው እንደ ገና ሲበራ ቀኑን እንዲሞሉለት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሙሽራ በበር ስትገባ ቁልፍ እየተጫነ ወርና ዓመት የሚሞላ ማን አለ?

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ጉድለት በሌላው ዓለም ቶሎ ይነቃበታል፤ በሰኔ ዝናብ የተነሣ ፎቶግራፍ ላይ «ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2000» ተጽፎ ያየ ሁሉ ሰዓቱ መበላሸቱን ይረዳል። ለእኛ ግን 2000 የራሳችን ዓመት ነው። 1/1/2000 የሚል ጽሕፈት ያየ ኢትዮጵያዊ «መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.» ብሎ ያነባል። ያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የዋለው ሲሆን፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ለዚሁ በዓል ተብሎ በተሠራው ሚሌኒየም አዳራሽ ሕዝቡ አዲሱን ሺህ ዓመት ሲቀበል ያደረበት ሌሊት የነጋበት ነው። የካሜራው ሰዓት ደግሞ ከ12:00 ስለሚጀምር፣ በእኛ ንባብ የንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ስሕተቱ እውነት መስሎ፣ ያውም በዓል ለብሶ የሚታየው ለእኛ ነው። ካሜራው የሚለው ቀን በእኛ አቆጣጠር በእርግጥ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በዚህም ምክንያት በ2003 ዓ.ም. የተወለዱ ሕፃናት በ2000 ሲዘምሩ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በእጃችን አሉ።

ነገሩ መሳቂያ መሆኑ ያበቃው በአንዲት እኅታችን ጉዳይ ነው። እኅታችንና የዛሬው ባለቤትዋ የተዋወቁት በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቀለበታቸው ሥነ ሥርዓትና ኋላም የእርሱ ሽኝት የተነሣው በዚሁ ካሜራ ነበር። እርሱ ወደ ውጭ አገር ከሄደ በኋላ እርስዋን ለመውሰድ ማመልከቻ አስገባ። ከተጠየቁት ማስረጃ መካከልም አብረው የተነሡአቸው ፎቶግራፎች ነበሩበት። ፎቶግራፎቹ ግን በቀኝ ግርጌያቸው ላይ በብርቱካን ቀለም ቀን ታትሞባቸዋል፤ የቀለበቱም የሽኝቱም 1/1/2000 ይላሉ። ጉዳዩን የሚመለከተው ሰው የሚያውቀው 2000 ደግሞ የፈረንጆቹን ነው። በዚያን ጊዜ እኅታችን ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች! ጥያቄ መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ማብራሪያ በጽሑፍ እንዲያቀርቡም ታዘዙ። እኅታችን ፖስታውን ይዛ ወደ ክፍላችን ስትመጣ ፊትዋ የሐዘንተኛ ፊት ነበር።

በኮምፒዩተር ዕውቀት ያለው አንድ ወንድም «ቀኑን በአምስት ደቂቃ አስተካክዬ ልስጣት» አለ። እውነቱን ነው፤ በእያንዳንዱ የፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ኤክዚፍ የሚባል የተሰወረ መዝገብ አለ፤ ቀኑም የሚጻፈው በዚያ ላይ ነው፤ መዝገቡን መለወጥም ቀላል ነው። እኛ ግን አልተስማማንም። ለማስረጃ ከቀረበ በኋላ ቀኑ የተለወጠ ፋይል፣ ቀኑ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ የተጭበረበረ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ ደግሞ እውነተኛውም ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ ፋይሉ እንዳለ ሆኖ፣ እውነተኛውን ቀን ከካሜራው ውጭ ካሉ ምስክሮች ለማግኘት ተስማማን።

መጀመሪያ የተመለከትነው የፎቶግራፎቹን ቁጥር ነው። ካሜራው ቀን ቢረሳም ቁጥር አይረሳም፤ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከ0001 እስከ 9999 ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ባትሪ ቢወጣም ካቆመበት ይቀጥላል። (ቁጥሩ ከመጀመሪያ እንዲነሣ የሚያዝዝ ምርጫ በሜኑው ውስጥ አለና እርሱን አትንኩት።) በዚህ መሠረት የቀለበቱ ፎቶግራፎች ከ2009 ዓ.ም. የደመራ ፎቶግራፎች በኋላ፣ ከዚያው ዓመት የጥምቀት ፎቶግራፎች በፊት የተነሡ ሆነው ተገኙ። ዓመቱ በመዘምራኑ ባነር ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የደመራና የጥምቀት ቀን ደግሞ ምስክር አያሻውም። እንግዲህ ከመስከረም 16 እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ ቀረልን።

ከዚያ ወዲህ የረዱን የእኅታችን እናት ናቸው። «እማማ፣ ቀለበቱ የታሰረበት ቀን ትዝ ይልዎታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እንዴታ ልጆቼ! ቅዳሜ ነዋ። በማግስቱ መድኃኔዓለም አልነበረም እንዴ? የተረፈውን ጠላ ለማኅበርተኛ የሰጠሁት!» አሉን። ወሩን ግን አላስታወሱትም።

ይህ ንግግር ተራ ወሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእርሱ ሁለት ነገር ይገኛል። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ መድኃኔዓለም በወር በ27 ስለሚውል ደግሞ ቀኑ 26 ነው። ወሩን የሚሰጠን ሒሳቡ ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው፤ 30 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ አንድ ቀን የሚውልበት ዕለት በየወሩ በሁለት ወደ ፊት ይገፋል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም 26 ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት 26 ቅዳሜ፣ ኅዳር 26 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 26 ረቡዕ ሆነ። ቀኑ በዚያው ዕለት ተመልሶ የሚውለው ገና ከሰባት ወር በኋላ ነው። በመሆኑም በደመራና በጥምቀት መካከል 26 ሆኖ ቅዳሜ የዋለ ቀን አንድ ብቻ ነው፤ ጥቅምት 26 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 5 ቀን 2016። ይህን ስንነግራቸው እማማ ከት ብለው ሳቁና፣ «እሱማ የጥቅምቱ ንግሥ ነው፤ ምነው አስቀድማችሁ ንግሡ ነው ብትሉኝ!» አሉ። ጥቅምት 27 በእርግጥም የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ነው። ፈረንጆቹ ወሮቻቸው አንዱ 28፣ አንዱ 30፣ አንዱ 31 ስለሆነ፣ እንዲህ በጣት ተቆጥሮ የሚደረስበት ስሌት የላቸውም። ሽማግሌዎቻችን ነገርን ሁሉ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በማርያም ማግስት ሲያስታውሱ «ቀኑን በቁጥር አያውቁትም» ብለን የምንንቅ ካለን፣ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርተን እንየው።

የሽኝቱ ቀን ምስክር ራሱ ቦሌ ነው። የወንድማችን ፓስፖርት ላይ የተመታው የመውጫ ማኅተም ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2017 ይላል፤ ይህም የካቲት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ረቡዕ መሆኑ ነው። ትኬቱ ግን ፌብሩዋሪ 16 ይላል። ሌላ ጥርጣሬ እንዳይነሣ ይህንንም ማብራራት ነበረብን፤ ወንድማችን የፓስፖርቱን መስኮት ያለፈው ረቡዕ ማታ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ የተነሣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ለሐሙስ አጥቢያ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በዚያች ሰዓት አዲስ ቀን ገብቷል፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ለነበረው ዘመድ ግን ሌሊቱ ገና የረቡዕ ሌሊት ነው።

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ፊት ለፊት የሚገናኙበት በር ነው ብንል አልተጋነነም። ከበሩ ውጭ «ሁለት ሰዓት» የሚባለው ከበሩ ውስጥ በሰሌዳው ላይ 20:00 ነው። ትኬቱ «16፣ 00:30» ሲል፣ በ16ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል። ከዋናው ነገር ብንወጣም፣ የሚጓዝ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን አስረዱት።

ማብራሪያው ተጻፈ። የፎቶግራፎቹ ቁጥር ዝርዝር፣ የማኅተሙና የትኬቱ ቅጂ፣ እንዲሁም ባትሪው ወጥቶ ሲመለስ የካሜራው ስክሪን 1/1/2000 ሲያሳይ የሚታይበት ፎቶግራፍ ተያይዞ ተላከ። ጉዳያቸውም ቀጠለ። እኅታችን በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ ከአራት ወር በፊት በጥር ወር በተመረቀው የተስፋፋ ተርሚናል በኩል ወደ ባለቤትዋ ሄደች። በዚያን ዕለት በካሜራው መጀመሪያ የተነሣው የእኅታችን ፊት አልነበረም፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመትና «የ… ሽኝት» ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥርዓት ሆኖልናል። ባትሪ በተለወጠ ቁጥር ወረቀቱ እንደ ገና ይነሣል፤ ከወረቀቱ በኋላ ያሉት ሁሉ የዚያ ቀን ናቸው።

ካሜራውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለምን አንሞላውም የሚል ጥያቄ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። ጥያቄው የአገር ፍቅር ያለበት ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ሞክረነዋልም። ካሜራው ግን ኢትዮጵያዊ አይሆንም። መስከረምን 1ኛ ወር አድርገን ብንሞላው፣ መስከረም 30 ሲያልቅ ካሜራው 31 ይላል፤ 1ኛው ወር ለእርሱ ጃንዩዋሪ ነውና። 2ኛው ወር ጥቅምት ሲሆን፣ ለእርሱ ፌብሩዋሪ ስለሆነ በ28 ወይም በ29 ቆርጦ ወደ 3 ይዘላል። ጳጉሜንማ ጨርሶ አይቀበላትም፤ 13 ቢሉት ወደ 1 ይመለሳል። በዚህ ዓይነት የተሞላ ካሜራ ፈረንጅም ኢትዮጵያዊም ያልሆነ፣ ማንም ሊተረጉመው የማይችል ቀን ይጽፋል። የእኛ አስተያየት ካሜራው በሚያውቀው አቆጣጠር ይሞላ፣ የራሳችን ቀን ደግሞ በወረቀቱና በመዝገቡ ላይ በእጃችን ይጻፍ የሚል ነው። በዚህ የማይስማሙ አሁንም አሉ።

በብርቱካን ቀለም የሚታተመው ቀን ግን ይዘጋ። እርሱ በምስሉ ላይ የሚቀልጥ ስለሆነ ከታተመ በኋላ አይለይም፤ ኤክዚፉ ግን ቢሳሳት ሊታረም ይችላል። ሰዓቱ ስሕተት ቢሆንም እየሄደ ስለሆነ፣ የወረቀቱን ፎቶግራፍ እውነተኛ ሰዓት ካወቅን ልዩነቱ ለሌሎቹም አንድ ነው፤ ኤክዚፍቱል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም በዚያው ልክ ይገፋቸዋል። ይህንንም ሲያደርጉ ያልተነካው ፋይል ለብቻው ይቀመጥ። ፎቶግራፎቹን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ለምትላላኩ ደግሞ፣ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ኤክዚፉ እንደሚቀር እወቁ፤ ለመዝገብ የሚሰጠን ከካርዱ የተገለበጠው ነው።

ትንሿን ባትሪ መለወጥ አይቻልም ወይ ለምትሉ፤ በአንዳንድ ካሜራ ይቻላል። ከትልቁ ባትሪ አጠገብ በጥፍር የምትወጣ ትንሽ መሳቢያ ካላችሁ፣ በውስጧ ያለችው የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ ናት፤ ቁጥሯን ይዛችሁ ወደ ሰዓት ሠሪ ሂዱ። የእኛ ካሜራ ግን ባትሪዋ በውስጥ ተበይዳ ያለች ናት። በራሳችሁ ለመክፈት አትሞክሩ። የፍላሹን ኃይል የሚያጠራቅመው ክፍል ካሜራው ከጠፋ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላልና፣ ጣት ያገኘው እንደሆነ ክፉኛ ይመታል።

በመጨረሻም፣ እስከ ዛሬ ቀን ያላገኙ 31 ፎቶግራፎች በሣጥኑ ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ በምስሉ ውስጥ ካለው ነገር ዳር ድንበር ተበጅቶላቸዋል። በአንዱ ላይ በአያት መስመር ባቡሩ ሰው ጭኖ ሲሄድ ይታያል፤ እንግዲህ ከጥቅምት 2008 መጨረሻ ወዲህ ነው። በሌላው ሕፃናቱ በሜዳ ላይ ሆነው ቀና ብለው ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ድሪምላይነር ያያሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ድሪምላይነር ቦሌ ያረፈው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት የተነሣ አይመስልም። አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ መዘምራን ያሉበት፣ ሚሌኒየም አዳራሽ የኮቪድ ሕሙማን ማከሚያ ከሆነበት ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ የተነሣ ይመስላል፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ ባለ 200 ብር ኖት የሚታይበት ደግሞ ኖቱ ከወጣበት ከመስከረም 2013 ወዲህ ነው። በእነዚህ ላይ «በግምት» ብለን በእርሳስ ጽፈናል፤ የተረጋገጡት ብቻ በቀለም ተጽፈዋል።

የቀሩት ግን ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ የተነሡ ስለሆኑ ምንም ምልክት የላቸውም። በአንደኛው አሁን በሕይወት የሌሉት የመዝሙር አስተማሪያችን በነጭ ጋቢ ተቀምጠው ከበሮ ሲያስተካክሉ ይታያሉ፤ ከበስተኋላቸው የእንሰት ቅጠል አለ፤ ሁለት ሴቶች ቡና ያቀርባሉ። ይህ የመጨረሻ ፎቶግራፋቸው ይሁን አይሁን ልጆቻቸው ጠይቀውናል። ፎቶግራፎቹ ታትመው ከእሑድ ትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብላችሁ ግን አትጠይቁአቸው። ዕለቱ ምን እንደ ነበረ፣ በማግስቱ የማን ቀን እንደ ዋለ ጠይቁአቸው፤ ሒሳቡን እኛ እንሠራዋለን።